ጠጅ የሚጣልበት ጓሮ፣ ሙሽራ የሚገባበት ዳስ

ባሕር ማዶ ያሉ ዘመዶቻችን በሚልኩልን የሰርግ ፎቶግራፍ ላይ የወይን እርሻ ማየት ለምደናል። እዚያ ወይኑ የሚጠመቅበትና የሚቀመስበት ግቢ ለሰርግም ይከራያል። በእኛም አገር የዝዋዩ (ባቱ) የካስቴል ፋብሪካ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ምርቱን ለገበያ በማቅረቡ፣ የአዋሽን ወይን ጠጅ የለመደው የከተማ ሰርግ ሌላ አማራጭ አግኝቷል። መጠጡ የሚዘጋጅበትንና ሰርጉ የሚበላበትን ቦታ አንድ ማድረግ ግን ለእኛ አዲስ አይደለም። ባለፈው ጥር አክስቴ የመጨረሻ ልጇን ስትድር ፓዌ ሄጄ ያየሁት ይህንኑ ነው።

ፓዌ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን፣ በበለስ ወንዝ ተፋሰስ የምትገኝ ሞቃት ቆላ ናት። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከወሎ፣ ከከምባታና ሐዲያ፣ ከሌሎችም አካባቢዎች በሰፈራ የመጡ ቤተሰቦች ጉሙዞች በሚኖሩበት በዚህ ምድር ጎጆ ቀለሱ። መንደሮቹ ዛሬም በቁጥር ይጠራሉ። አክስቴ ከወሎ ስትመጣ ገና ልጃገረድ ነበረች።

ሙሽራው መጀመሪያ የፈለገው አዳራሽ ነበር። «እማዬ፣ አዳራሽ እንከራይ፤ መጠጡም በጠርሙስ ይምጣ። በዚህ ዕድሜሽ ጭስ ላይ አትጎንበሺ» አላት። እውነቱን ነው። የድግስ መጠጥ የሚወጣው ከሴቶች ወገብ ነው፤ አክስቴም የጉልበቷን ሕመም አልካደችም። «ልክ ነህ ልጄ» አለችውና ጥቂት ቆይታ ጠየቀችው፤ «አዳራሹ ውስጥ ግን ማን ይቀምስልኛል?»

ጥያቄዋ የገባኝ ጓሮዋን ሳይ ነው። ከሰርጉ አሥር ቀን አስቀድሞ ዳሱ በሽመል ቆሟል፤ ክልሉ የቆላ ቀርከሃ አገር ስለሆነ ለዳስ የሚሆን እንጨት አይቸግርም። ከዳሱ ጥግ፣ ጥላው በሚበረታበት በኩል፣ ጠጅ የተጣለባቸው እንስራዎች ተደርድረዋል። ማሩ የአካባቢው ነው፤ ጌሾው ግን ከደጋ፣ ከጎጃም በኩል ተጭኖ የመጣ ነው። አንድ እጅ ማር በአራት እጅ ውኃ ተበጥብጦ ይከደናል፤ መፍላት ሲጀምር ጌሾ ይገባበታል። በቆላ ሙቀት ሁሉም ይፈጥናል። በደጋ የቀን ቁጥር የሚሄድ ሰው ከድኖ የተወውን ጠጅ ሆምጥጦ ያገኘዋል። ስለዚህ በፓዌ መቅመስ ጨዋታ ሳይሆን የየዕለት ሥራ ነው።

ቀማሾቹ በየማለዳው ይመጣሉ። አንዷ የከምባታ ተወላጅ ጎረቤት ናት፤ በእምነቷ ምክንያት አልኮል በአፏ አይዞርም። እሷ የምትፈርደው በአፍንጫዋና በጆሮዋ ነው፤ የእንስራውን አፍ ትከፍትና የመፍላቱን ድምፅ ታዳምጣለች። ከወሎ አብራ የመጣች ሙስሊም ጓደኛዋ ደግሞ የቀሪቦው ኃላፊ ናት። የገብሱን አሻሮ ቆልታ ስኳሩን የምትመጥነው እሷ ናት፤ በዚህ መንደር ቀሪቦ ያላዘጋጀ ደጋሽ ግማሽ እንግዳውን እንዳልጠራ ይቆጠራል።

ከሰርጉ አምስት ቀን ሲቀረው ማሩን የሸጡላት የጉሙዝ ሽማግሌ መጡ። የሟቹ የአክስቴ ባል ወዳጅ ነበሩ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በመተከል የደረሰው ግጭት ጎረቤትን ከጎረቤት ሲያርቅ እሳቸውም ይህን ጓሮ ሳይረግጡ ዓመታት አልፈው ነበር። ማሩን የላኩት እንኳ በሰው እጅ ነው።

ቀድሞ በግብር ቤት ጠጅ አሳላፊው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር፤ መጠጡ ደህና ለመሆኑ ምስክርነት ነው። አክስቴም እንዲሁ አደረገች። ከእንስራው ቀድታ መዳፏ ላይ አፍስሳ ቀመሰች፤ ከዚያ ብርሌውን በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። «አባባ፣ ይቅመሱልኝ።» ሽማግሌው ቀስ ብለው ጠጡ። «ማሩ አልተጎዳም» አሉና ሁለተኛ ጠየቁ። ስላለፈው አንድም ቃል አልተነሣም፤ ቁርስ ግን አብረን በላን።

ልጇም ያን ማለዳ ስለ አዳራሽ ማንሣቱን ተወ። ድካሙን ግን አልተወም፤ «እንግዲያው ሥራው ይከፋፈል» አለ። ጠላው በሦስት ጎረቤቶች ቤት ተጠመቀ፤ ድስቱና ወንበሩ ከእድር መጣ፤ ውኃና እንጨት የወንዶች ሆነ። የተጠሪው ቁጥርም ተቀነሰ። ጠጁን ያጠለለው ሙሽራው ራሱ ነበር፤ አክስቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታዝዘዋለች።

ለወላጆችና ለአያቶች አንድ ነገር ልጨምር። ልጆች ጓሮ ለጓሮ ሲሯሯጡ ብርዝ መቅመስ ይወዳሉ። በሙቀት አገር ግን ያደረ ብርዝ መፍላት ይጀምራል፤ «ማር ብቻ ነው» ተብሎ አይሰጥም። አክስቴ ለልጆች የሚሆነውን በዕለቱ በጥብጣ በተለየ ጆግ ታስቀምጥና ከጠጁ ጋር እንዳይምታታ ክር ታስርበታለች። የማሩን ልክና የጌሾውን ሰዓት ግን ለትልልቆቹ የልጅ ልጆቿ አንድ በአንድ ታሳያቸዋለች።

በሰርጉ ዕለት ዳሱ ሲሞላ ሽማግሌው ከሙሽራው ቤተሰብ ጋር ከፊት ተቀመጡ። አሳላፊው ጠጁን ይዞ ሲደርስ አክስቴ በምልክት አስቆመችው፤ የእሳቸውን ብርሌ ራሷ ቀዳች።