የምክር ባለሙያ መሆን ይፈልጋሉ? ሥልጠና ከመምረጥዎና ከማመልከትዎ በፊት

በቦንጋም ሆነ በሌሎች የካፋ ዞን አካባቢዎች ሰው ሲጨነቅ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሐኪም ሳይሆን ወደ ሽማግሌ፣ ወደ ሃይማኖት አባት፣ ወደ ጎረቤት ወይም ወደሚያምነው መምህር ነው። የምክር አገልግሎት (ካውንስሊንግ) ለመማር የሚያስቡ ሰዎችም ብዙውን ጊዜ እንዲህ ምሥጢር የሚነገራቸው መምህራን፣ ነርሶችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። በሰው መታመን ጥሩ መነሻ ነው፤ ብቻውን ግን ሙያ አይሆንም።

የምክር ባለሙያ ሥራው ምንድን ነው?

ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ይዳኛል፤ የምክር ባለሙያ ግን አይፈርድም። በጥሞና ያዳምጣል፣ ሰውየው ችግሩን ለይቶ እንዲያይና የራሱን ውሳኔ እንዲወስን ይረዳዋል፣ ምሥጢሩንም ይጠብቃል። መድኃኒት አያዝም። ከባድ የአእምሮ ሕመም የጠረጠረውን ሰው ወደ ጤና ተቋም ይልካል።

ምን ዓይነት ሥልጠናዎች አሉ?

1. የመጀመሪያ ዲግሪ በሳይኮሎጂ፦ 12ኛ ክፍልን ላጠናቀቁ የሚሆን ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ አራት ዓመት ይፈጃል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ። ይህ ዲግሪ መሠረት ይጥላል እንጂ ብቻውን ከከባድ ችግር ጋር ለመሥራት አያበቃም።

2. ሁለተኛ ዲግሪ፦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ያስተምራል። ከቦንጋ 100 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የአእምሮ ጤና ትምህርት አለው፤ ይህ ለጤና ባለሙያዎች የተሻለ አማራጭ ሊሆን ይችላል።

3. አጫጭር ሥልጠናዎች፦ ለጤና ባለሙያዎች የኤችአይቪ ምክርና ምርመራ ሥልጠና፣ እንዲሁም የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የአእምሮ ጤና መመሪያ ሥልጠና (ኤምኤች ጋፕ) ይሰጣሉ። ይኸው ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ፕሮብሌም ማኔጅመንት ፕላስ» የተባለው ዘዴ የሥነ ልቦና ዲግሪ የሌላቸው ሰዎችም ሊሠለጥኑበት የሚችሉት ነው። ችግር የገጠመውን ሰው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በአምስት ቀጠሮ ይረዳል። ነገር ግን ሠልጣኙ ከሥልጠናው በኋላም በባለሙያ ክትትል ሥር እንዲሠራ ይጠይቃል።

ከሁሉ በፊት ይህን ጥያቄ ይጠይቁ

የትኛውንም ሥልጠና ሲመርጡ «ከእውነተኛ ተገልጋዮች ጋር የምለማመደው ስንት ሰዓት ነው? ሥራዬንስ ማን ያርመኛል?» ብለው ይጠይቁ። ዋናን ከመጽሐፍ ብቻ ተምሮ ወንዝ የሚገባ የለም። ጥቂት ቀን በአዳራሽ ተቀምጠው ሰርተፊኬት የሚሰጥዎት ሥልጠና ግንዛቤዎን ሊያሰፋ ይችላል፤ የምክር ባለሙያ ግን አያደርግዎትም። አደጋው የገንዘብ ኪሳራ ብቻ አይደለም። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ፊትዎ ተቀምጦ ምልክቱን ሳያውቁ «አይዞህ፣ ያልፋል» ብለው ቢሸኙት ሕይወት ሊጠፋ ይችላል።

የተቋሙን ፈቃድ ያረጋግጡ

የግል ኮሌጅ ወይም የርቀት ትምህርት ከመረጡ ከመክፈልዎ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና እንዳለው ያጣሩ። ዕውቅናው ለትምህርት ዓይነቱም ለካምፓሱም ስለሚሰጥ የተቋሙ ስም ብቻ በቂ አይደለም። አዲስ አበባ ያለው ካምፓስ ዕውቅና ስላለው ቦንጋ የተከፈተው ቅርንጫፍም አለው ማለት አይደለም። በርቀት የሚማሩ ከሆነም የተግባር ልምምዱ የት እንደሚሠራ አስቀድመው ይወቁ።

ለሁለተኛ ዲግሪ ሲያመለክቱ

• የዲግሪዎን ዋናና ኮፒ፣ የመውጫ ፈተና የሚመለከትዎ ከሆነም ውጤቱን ያዘጋጁ።
• ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከተማሩበት ተቋም ሬጅስትራር በቀጥታ እንዲላክ ቀደም ብለው ይጠይቁ። ብዙዎች የሚዘገዩት እዚህ ላይ ነው።
• በትምህርት ሚኒስቴር ሥር የሚሰጠውን ሀገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ይመዝገቡ።
• መሥሪያ ቤትዎ የሚያስተምርዎ ከሆነ የስፖንሰር ደብዳቤ ያጽፉ፤ ከምረቃ በኋላ ያለብዎትን የአገልግሎት ግዴታም በጽሑፍ ይወቁ።
• የፍላጎት መግለጫ ደብዳቤ ከተጠየቁ «ሰው መርዳት እወዳለሁ» በሚል ብቻ አይለፉት። ማንን፣ የት፣ በምን ቋንቋ ለማገልገል እንዳሰቡ ይጻፉ። ካፊኖኖ መናገርዎ ትልቅ ዋጋ አለው፤ ሰው ሐዘኑን የሚናገረው አፉን በፈታበት ቋንቋ ነውና።

ራስዎን ይመርምሩ

ቦንጋ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ጠዋት ምሥጢሯን የነገረችዎትን ሴት ከሰዓት ገበያ ላይ ያገኟታል፤ ባሏ ዘመድዎ ሊሆን ይችላል። ከትዳር ጓደኛዎ ጭምር ምሥጢሯን መጠበቅ ይችላሉ? በካፋ ለረጅም ዘመን ተገልለው የኖሩት የማንጃ ማኅበረሰብ አባላትስ ቢመጡ፣ ሳይጸየፉ አብረዋቸው ይቀመጣሉ? መልስዎ «እንጃ» ከሆነ በሥልጠናው ወቅት በግልጽ የሚነጋገሩበት ጉዳይ ነው። በቅርቡ ከባድ ሐዘን ደርሶብዎት ከሆነም መጀመሪያ ለራስዎ እርዳታ ያግኙ። ማመልከቻው ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል።

መቼ ወደ ሐኪም መላክ ያስፈልጋል?

እንደ ጠቅላላ ሐኪም ለወደፊት ባልደረቦቼ የምለው፦ ድካም፣ ድብርትና እንቅልፍ ማጣት ሁሉ ከሐሳብ የመጡ አይደሉም። የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግርም እንዲህ ያደርጋሉ። ስለዚህ ምርመራ እንዲደረግ ይምከሩ። የሚከተሉትን ካዩ ደግሞ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ቦንጋ ወደሚገኘው ገብረጻድቅ ሻዎ ጠቅላላ ሆስፒታል ይላኩ፦

• ራስን ወይም ሌላን ሰው የመጉዳት ሐሳብ (ሰውየውን ብቻውን አይተዉት)
• ሌሎች የማይሰሙትን ድምፅ መስማት
• ለቀናት ሳይተኙ ከልክ ያለፈ ንቃትና ንግግር
• የሚጥል በሽታ ምልክት
• ከወሊድ በኋላ የሚታይ የባሕርይ መለወጥ

ጥሩ ሥልጠና የሚያስተምረው ማዳመጥን ብቻ ሳይሆን «ይህ ከእኔ አቅም በላይ ነው» ማለትንም ነው። ይህን የማያስተምር ሥልጠና፣ ርካሽም ሆነ ቅርብ፣ ባይመርጡት ይሻላል።