የሮም ባሊላዎችና የሆለታ ካዴቶች

ሮም - ስለ ጣሊያን ወረራ ስናወራ አዘውትረን የምናነሣው አውሮፕላኑን፣ የመርዝ ጋዙንና ግራዚያኒን ነው። ያንን ሁሉ ጭካኔ የፈጸመው ሠራዊት ግን ከየት መጣ? ልጁን ወታደር ያደረገው ማን ነው? መልሱ በከፊል እዚሁ ሮም ውስጥ፣ በትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ይገኛል።

ወልወል ላይ ተኩስ የተከፈተው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 1934 ነበር። ወር እንኳ ሳይሞላው፣ በዚያው ዲሴምበር 31 ቀን፣ የሙሶሊኒ መንግሥት ስለ ውትድርና ሥልጠና ሕጎች አወጣ። አንደኛው ዜግነትና ወታደርነት አይነጣጠሉም ብሎ፣ የአንድ ጣሊያናዊ ወንድ ልጅ የጦር ዝግጅት በ8 ዓመቱ እንዲጀመር ደነገገ። ሌላው ደግሞ «የውትድርና ባህል» የሚባል ትምህርት በመካከለኛና በከፍተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዲሰጥ አዘዘ። ከሒሳብና ከላቲን ጎን የጦር ትምህርት ገባ ማለት ነው። ሌላው ዓለም በጄኔቭ ስለ እርቅ ሲደሰኩር ሮም ልጆቿን ታስታጥቅ ነበር።

እርግጥ ነው፣ ነገሩ በዚያ ቀን አልተጀመረም። «ኦፔራ ናሲዮናሌ ባሊላ» የተባለው የፋሺስት የልጆች ድርጅት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። ከ8 እስከ 14 ዓመት ያለው ልጅ «ባሊላ»፣ ከዚያ እስከ 18 ያለው ደግሞ «አቫንጓርዲስታ» ይባላል። ጥቁር ሸሚዝ ይለብሳል፣ ይሰለፋል፣ ይምላል። ለትንንሾቹ ተብሎ ከወታደሩ ጠመንጃ ያነሰ፣ ለልጅ ትከሻ የሚመጥን ጠመንጃ ሳይቀር ተሠርቶላቸው ነበር። ተፎካካሪ እንዳይኖርም የስካውት ማኅበራት ተዘጉ። አሠልጣኞቹ የመምህራንና የጥቁር ሸሚዝ ሚሊሺያ መኮንኖች ቅልቅል ሲሆኑ፣ ከመኮንኖቹ ብዙዎቹ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተዋጉ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ከጦር ሜዳ ይዘውት የመጡት ነገር የጭቃውንና የሬሳውን እውነት ሊሆን ይችል ነበር። ለልጆቹ ያስተማሩት ግን ክብሩን ብቻ ነው። ጦርነቱ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲጀመር የጣሊያን ተማሪ በክፍሉ ግድግዳ በተሰቀለ የኢትዮጵያ ካርታ ላይ፣ ሠራዊቱ አንድ ከተማ በያዘ ቁጥር ትንሽ ባንዲራ ይሰካ ነበር። አድዋ፣ መቀሌ፣ ደሴ። ከባንዲራዋ ሥር ሰው እንዳለ የነገረው መምህር ስንት ይሆን?

የዚህ ሁሉ ማዕከል በቲቤር ወንዝ ዳር፣ በዛሬው ስሙ ፎሮ ኢታሊኮ የሚባለውና ያኔ «ፎሮ ሙሶሊኒ» የነበረው ግቢ ነው። ያሠራው የባሊላው አለቃ ሬናቶ ሪቺ ሲሆን የልጆቹ አሠልጣኞች የሚመረቁበት የሰውነት ማጎልመሻ አካዳሚም እዚያው ነበር።

አሁን ወደ ሀገራችን እንሂድ። ጣሊያን የትምህርት ቤት ልጆቿን በምታሰልፍበት በዚያው ሰሞን፣ በ1927 ዓ.ም.፣ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ሆለታ ላይ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። አሠልጣኞቹ በሻምበል ቪኪንግ ታም የሚመሩ አምስት የስዊድን መኮንኖች ነበሩ። ካዴቶቹ ከአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች የተመለመሉ፣ ፈረንሳይኛ የሚያውቁ፣ ገና ጢማቸው ያላበቀለ ወጣቶች ናቸው። ቁጥራቸው ከሁለት መቶ የማይበልጥ! በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች በባሊላ ከተመዘገቡባት ጣሊያን ጋር ማወዳደር የዋህነት ነው። ጦርነቱ ሲነሣ የሆለታው ትምህርት ቤት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

ቢሆንም ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ጠላት ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ እነዚህ ካዴቶች መንገዱን ለመዝጋት ጣርማ በር ድረስ ወጡ። ታንክና አውሮፕላን የያዘውን ጦር ማቆም አልቻሉም፤ ማን ይችል ነበር? ከተማይቱ ከወደቀች በኋላ ግን እጃቸውን አልሰጡም። ወደ ወለጋ አፈግፍገው በነቀምት በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ መሪነት የተመሠረተው የ«ጥቁር አንበሳ» ድርጅት የጀርባ አጥንት ሆኑ። ከኤርትራ የመጡት ሌተና ኮሎኔል በላይ ኃይለአብና ከጣሊያን ጦር የከዱ ኤርትራውያንም ከጎናቸው ቆሙ። ሰኔ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ሌሊት ነቀምት አጠገብ ቦነያ ላይ ያረፉ ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች ተቃጠሉ፤ የአየር ኃይሉ ጄኔራል ማሊዮኮም አብረውት ከመጡት ከአብዛኞቹ ጋር ተገደለ።

እኔን ከውጊያው ይልቅ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ጥቁር አንበሶች አሥር አንቀጽ ያለው ሕገ ደንብ ጽፈው ነበር። ወታደሩ ለፖለቲካው አመራር ይታዘዛል፣ ገበሬው አይበደል፣ ምርኮኛም በሰብአዊነት ይያዝ ይላል። ሀገሩ የተወረረበት፣ ጥይት ያለቀበት፣ በዝናብ የሚሸሽ ልጅ ይህን ሲጽፍ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በዚያው ጊዜ የሠለጠነ የሚባለው የጣሊያን ጦር የተማረከ አርበኛ የሚረሽን ነበር።

ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ላይ ተከበው እጃቸውን ሲሰጡ የጥቁር አንበሳ ዘመቻ አበቃ። ራስ እምሩ ጣሊያን ውስጥ በግዞት ታሰሩ። የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ደግሞ የተማረው ወጣት ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነ፤ ከሆለታ ካዴቶችም ብዙዎቹ ተረሸኑ። ለዚያ ገዳይ ግን ከሮም ብዙ በማይርቀው አፊሌ መንደር እ.ኤ.አ. በ2012 በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ቆመለት። ለሆለታ ልጆች በሮም ምን አለ? ምንም።

ሮም የራሷም የካዴት ትምህርት ቤት ነበራት። በሉንጋራ መንገድ ላይ ያለው ፓላዞ ሳልቪያቲ ለረጅም ጊዜ ወታደራዊ ኮሌጅ ሆኖ አገልግሏል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 1943 ናዚዎች የሮም አይሁዶችን በየቤታቸው ሲለቅሙ ያጎሩአቸው በዚሁ ግቢ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ከአንድ ሺህ በላይ የሚሆኑት ወደ አውሽቪትዝ ተጫኑ፤ የተመለሱት 16 ናቸው።

ዛሬም ጉዳዩ አልሞተም። ጣሊያን በኔፕልስ፣ በሚላኖ፣ በቬኒስና በፍሎረንስ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሆኑ ወታደራዊ ትምህርት ቤቶች አሏት። በ2023 ደግሞ መምህራንና ወላጆች የትምህርት ቤቶችን ወታደራዊነት የሚከታተል አካል አቋቁመዋል። የሚከራከሩት በነፃነት ነው፤ ይህ ለእኛ የቅንጦት ነገር ይመስላል። ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት፣ በዶጋሊ በወደቁት አምስት መቶ ጣሊያናውያን ስም በተሰየመው አደባባይ የምናገኘው ኤርትራዊ ወጣት የ12ኛ ክፍል ትምህርቱን የት እንደተማረ ብትጠይቁት መልሱ ሳዋ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የኤርትራ ተማሪ የመጨረሻ ዓመቱን በጦር ካምፕ ያሳልፋልና። የእኛም ታሪክ ቢሆን ንጹሕ አይደለም። ደርግ በ1975 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርና ባወጀ ጊዜ እናቶች ልጆቻቸውን ከአፈሳ ይደብቁ እንደነበር የሚያስታውስ አንባቢ ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻም የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን፣ በኦሮሚያ ለውትድርና ተብለው ከተያዙት መካከል ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች እንደሚገኙበት አስታውቋል። ዘመኑ ተለወጠ፣ መንግሥታትም ተለዋወጡ፤ ልጁ ግን ያው ልጅ ነው።

ፎሮ ኢታሊኮ ሄዳችሁ ብታዩ፣ ወደ ኦሊምፒኮ ስታዲየም በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ትልልቅ የእብነ በረድ ድንጋዮች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ላይ ቀንና ድርጊት ተቀርጿል። የጣሊያን ጦር አዲስ አበባን መያዙ አለ፤ ጣሊያን «በመጨረሻ ግዛተ ንጉሠ ነገሥቷን» እንዳገኘች የሚያበሥረው የሜይ 9 ቀን 1936 አዋጅም አለ። እ.ኤ.አ. ለ1960 ኦሊምፒክ ሲዘጋጁ በባዶዎቹ ድንጋዮች ላይ የፋሺዝም ውድቀት፣ የሪፐብሊኩ ምሥረታና የሕገ መንግሥቱ ቀን ተጨመሩ። ያ ግዛት በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ማክተሙን የሚናገር ድንጋይ ግን አሁንም የለም። ይፍረስ የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ሮም ያለው ማኅበረሰባችን ለከተማው ምክር ቤት ሊያቀርበው የሚገባው ጥያቄ አንድ ተጨማሪ ድንጋይ ይመስለኛል።