ስምንት ለሁለት

በ1998 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አዲስ አበባ አንድ ጥያቄ ይዛ ተቀምጣ ነበር፦ ስንት ሰው ሞተ? ከግንቦት 7ቱ ምርጫ በኋላ በተነሣው ውዝግብ ሰኔ 1 ቀን 1997 ከተማዋ ላይ ጥይት ተተኮሰ። ጥቅምት 22 እንደገና ተተኮሰ፤ ይሄኛው ደግሞ በአንድ ቀን አልበረደም። መንግሥት የራሱን ቁጥር ተናገረ፤ ሰፈሩ የየራሱን ለቅሶ ቆጠረ። ሁለቱ ሊገጥሙ አልቻሉም። የጸጥታ ኃይሉ ማብራሪያ ግን አጭር ነበር፤ ሰልፈኞቹ መሣሪያና ቦምብ ይዘው ነበር፣ ንብረትም አውድመዋል፣ የተወሰደው ርምጃም ተመጣጣኝ ነው።

ይህን ቃል ማን ይፈትነው? የተኮሰው ፖሊስ ነው፣ ያሰረው ፖሊስ ነው፣ መዝገቡም ያለው ፖሊስ ቤት ነው። ፖሊስ በባልደረባው ላይ ይመሰክራል ብሎ መጠበቅ ደግሞ በየትኛውም አገር የዋህነት ነው። የኒውዮርኩ ፍራንክ ሰርፒኮ የባልደረቦቹን ጉቦ ካጋለጠ በኋላ በ1971 እ.ኤ.አ. በአደንዛዥ ዕፅ ፍተሻ ላይ ሳለ ፊቱን በጥይት ተመታ፤ እሱ እንደሚለው ርዳታ የጠሩለት አብረውት የነበሩት ፖሊሶች ሳይሆኑ የሕንጻው ነዋሪ የሆኑ አንድ አዛውንት ናቸው። ነገሩ እከክልኝ ልከክልህ ነው፤ ያላከከ ብቻውን ይቀራል።

ፓርላማው አጣሪ ኮሚሽን ሲያቋቁም ብዙ ሰው ፊቱን አዞረ። መንግሥት የመረጠው ኮሚሽን መንግሥትን ይወቅሳል ብሎ የጠበቀ ጥቂት ነበር። ሰብሳቢው የደቡብ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ፍሬሕይወት ሳሙኤል፣ ምክትላቸው ደግሞ ዳኛ ወልደሚካኤል መሸሻ ነበሩ። ከአባላቱ መካከል ቄስ፣ የእስልምና ጉዳዮች መሪና የዩኒቨርሲቲ ምሁር ይገኙ ነበር። የተሰጣቸው ጥያቄ ሦስት ብቻ ነው፦ የተወሰደው ርምጃ ከመጠን ያለፈ ነበር? ሰብአዊ መብት ተከብሯል? በንብረት ላይ የደረሰው ጉዳት ምን ያህል ነው?

መልሱን ቀድሞ የሚያውቅ የመሰለው ወገን ያልጠበቀው ነገር ኮሚሽኑ ከመፍረድ በፊት መቁጠር መጀመሩን ነው።

ሆስፒታል ሄዱ፣ እስር ቤት ገቡ፣ ሹማምንቱን አነጋገሩ። 16,990 ሰነድ አገላበጡ፤ ከ1,300 ምስክሮች ቃል ተቀበሉ። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የቆሰለበት የአካል ክፍል፣ እንደገና ስም፣ እንደገና ዕድሜ። አንደኛው 14 ዓመቱ ነው፣ ሌላው 15፣ ሌላው 16፤ ጥቂት መስመር ዝቅ ሲባል ደግሞ የ65 ዓመት ሰው ይመጣል። ዝርዝሩ በረዘመ ቁጥር «ቦምብ የያዘ ሰልፈኛ» የሚለው ታሪክ እየሳሳ ሄደ። ጥይቱ ያረፈው ጭንቅላትና ደረት ላይ ነበር። ሰው ለመበተን የሚተኩስ ሰማይ ላይ ይተኩሳል፤ ቢከፋ እግር ላይ።

ከሁሉ የከበደው የቃሊቲው መዝገብ ይመስለኛል። በዚያ ማረሚያ ቤት 17 እስረኞች ተገድለዋል። ከግቢ መውጣት የማይችል ሰው አደባባይ ወጥቶ ምን አወደመ ሊባል ነው?

ድምሩ 193 ሲቪል ሆነ፤ መንግሥት ይዞት ከቆየው ቁጥር ሦስት እጥፍ ገደማ። 763 ሰው ቆስሏል። የሞቱ 6 ፖሊሶችም ተቆጥረዋል፤ ኮሚሽኑ እነሱን አልዘለለም። ጠመንጃ ወይም የእጅ ቦምብ የያዘ ሰልፈኛ ግን አንድም አላገኘም።

በሰኔ 1998 መገባደጃ አሥሩ አባላት ድምፅ ለመስጠት ተሰበሰቡ። እየተነሡ የየኅሊናቸውን ተናገሩ፤ ቤታቸው የተቀመጡ ሽማግሌዎችና ግቢ ውስጥ የሚጫወቱ ልጆች ጭምር መገደላቸውን ያነሡም ነበሩ። ድምፁ ሲቆጠር ስምንት ለሁለት ሆነ፤ የጸጥታ ኃይሉ ከመጠን ያለፈ ኃይል ተጠቅሟል። ክፍሉ ውስጥ ደግሞ አንድ ቪዲዮ ካሜራ ሁሉን ይቀዳ ነበር። ለኮሚሽኑ የስብሰባ ማስታወሻ እንጂ ሌላ ምንም አልነበረም፤ ያን ቀን ማንም ልብ ያለው አይመስልም።

ሪፖርቱ ፓርላማ ሊቀርብ ቀናት ሲቀሩት ጥሪ መጣ።

በኋላ ከአገር የወጡት ዳኞች እንደመሰከሩት፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ዘንድ ተጠርተው ውሳኔያቸውን እንዲያጤኑ ተነገራቸው። በቁጥሩ ላይ ክርክር አልነበረም። ክርክሩ በአንድ ቃል ላይ ነበር፤ ተመጣጣኝ ወይስ ከመጠን ያለፈ። ፓርላማው ለክረምት ተዘጋ፣ ሪፖርቱም ሳይቀርብ ቀረ። የሚያውቁትን ይዘው ዝም የሚሉበት ወይም የሚሰደዱበት ሰዓት ደረሰ። ፍሬሕይወት ሳሙኤል ወጡ። ወልደሚካኤል መሸሻ ወጡ፤ ሌላው የኮሚሽኑ አባል ጠበቃው ምትኩ ተሾመም እንዲሁ። ከነሱ ጋር ሰነዱና ያ የቪዲዮ ቅጂ ወጣ።

ጥቅምት 8 ቀን 1999 አሶሼትድ ፕሬስ ሪፖርቱን ይፋ አደረገው። ዓለም ቁጥሩን ሰማ፤ ወልደሚካኤል መሸሻም የሆነውን ነገር ጭፍጨፋ ሲሉ ጠሩት። በኅዳር ደግሞ ፍሬሕይወት ሳሙኤል ዋሽንግተን ላይ በአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ፊት ቀርበው የሆነውን ተረኩ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ያልተጠበቀ መታጠፊያ አለው። በአገር ውስጥ የቀሩት አባላት በዚያው ጥቅምት 1999 ይፋዊውን ሪፖርት ለፓርላማ አቀረቡ። የተወሰደው ርምጃ ከመጠን ያለፈ አይደለም አሉ። የሟቾቹን ብዛት ሲያነቡ ግን 193 ሲቪልና 6 ፖሊስ አሉ፤ የቆሰለው 763። ያው ቁጥር፣ ያው ድምር። ፍርዱን መገልበጥ ተችሏል፤ ዝርዝሩን ግን ማንም ሊፍቀው አልደፈረም። እኔ ብጠየቅ የኮሚሽኑ ትልቁ ድል ስምንት ለሁለቱ ሳይሆን ይሄ ነው።

ዓመታት አለፉ። ካሜራውም ከስብሰባ አዳራሽ ወጥቶ የየሰዉ ኪስ ውስጥ ገባ። የካቲት 24 ቀን 2014 የሕዳሴው ግድብ ባለበት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ መተከል ዞን፣ ጉባ ወረዳ፣ አይሲድ ቀበሌ የሆነውን ለማወቅ ዓለም ኮሚሽን መጠበቅ አላስፈለገውም። ቀናት ቆይቶ አንድ ቪዲዮ በማኅበራዊ መገናኛ ተለቀቀ፤ የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎች በተሰበሰቡበት ሰው በሕይወቱ ሲቃጠል ያሳያል። የቀዳው የሩቅ ጋዜጠኛ አይደለም፤ መሐላቸው የቆመ ሰው ነው። ባልደረባ የባልደረባውን ገበና ይሸፍናል የሚለው ልማድ እዚህ ስልክ ይዞ ቆሟል፤ ለመደበቅ እንኳ አልተጨነቀም።

የመንግሥት ኮሙኒኬሽን አገልግሎት ድርጊቱ አይሲድ ውስጥ መፈጸሙን አመነ፤ አወገዘ፤ ርምጃ እንደሚወሰድም አስታወቀ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ባደረገው ማጣራት የመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች እጅ እንዳለበት ገለጸ፤ ተጠያቂዎቹም ለሕግ እንዲቀርቡ ጠየቀ።