ሚዛን ለመሥራት የትኛው አምፕሊፋየር ይሻላል?

የዲጂታል ሚዛን ውስጡን ከፍታችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዋናው ቁም ነገር ሎድ ሴል የሚባለው የብረት ቁራጭ ነው። ዕቃ ሲጫንበት በዓይን በማይታይ መጠን ይጎብጣል፤ የተለጠፉበት ስስ ሬዚስተሮችም አብረው ሲሳቡና ሲጨመቁ መጠናቸው በጥቂቱ ይለወጣል። ሚዛኑ ኪሎ ብሎ የሚያነብልን ይቺን ለውጥ ነው።

ችግሩ ለውጧ በጣም ትንሽ ናት። 10 ኪሎ የሚችል፣ ዳታሺቱ «በቮልት 2 ሚሊ ቮልት» የሚል ሎድ ሴል ገዝታችሁ 5 ቮልት ብትሰጡት፣ ሙሉ 10 ኪሎ ተጭኖበት እንኳ በሁለቱ የውጤት ሽቦዎች መካከል የምታገኙት 10 ሚሊ ቮልት ብቻ ነው። ለአንድ ኪሎ አንድ ሚሊ ቮልት ማለት ነው። በዚያ ላይ ሁለቱም ሽቦዎች ከግራውንድ ሲለኩ 2.5 ቮልት አካባቢ ላይ ተቀምጠዋል። አምፕሊፋየሩ ልዩነቱን ማጉላት፣ የጋራውን 2.5 ቮልት ግን እንዳላየ ማለፍ አለበት።

ተራ ኦፕ-አምፕ ይህን ይችላል? ኤልኤም 358 ርካሽ ነው፤ አራት ሬዚስተር ጨምራችሁበት የሁለት ቮልቴጆችን ልዩነት ያጎላል። ወረቀት ላይ ያምራል። ግን የጋራው ቮልቴጅ የሚጠፋው የሬዚስተሮቹ ምጣኔ በሁለቱም ወገን እኩል ሲሆን ብቻ ነው። የተለመዱት ሬዚስተሮች ደግሞ 1 በመቶ ወዲህ ወዲያ ይላሉ። መቶ እጥፍ የሚያጎላ ሠርታችሁ አራቱም በመጥፎው አቅጣጫ ቢሳሳቱ፣ ከ2.5 ቮልቱ 1 ሚሊ ቮልት ያህል ሾልኮ ከልኬታችሁ ጋር ይደባለቃል። አንድ ሚሊ ቮልት ስንት ነበር? አንድ ኪሎ!

«ባዶውን ዜሮ አድርጌ እጀምራለኋ» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ስህተቱ ቋሚ ከሆነ ይቀነሳል። ሬዚስተር ግን ሲሞቅ ይለወጣል፤ ጠዋት ዜሮ ያላችሁት ቀትር ላይ ዜሮ ላይሆን ይችላል።

ኢንስትሩመንቴሽን አምፕሊፋየር የተፈጠረው ለዚህ ዓይነት ሥራ ነው። እንደ ኤዲ 620 ያለው ቺፕ በመሠረቱ የሦስት ኦፕ-አምፖች ቅንብር ነው፤ ሁለቱ በር ላይ ቆመው ከሴንሰሩ ከረንት ሳይስቡ (ቢስቡም ከቁጥር የማይገባ) ቮልቴጁን ይቀበላሉ፣ ሦስተኛው ይቀንሳል። ለመቀነሱ የሚያስፈልጉት ሬዚስተሮች ፋብሪካ ውስጥ ተስተካክለው ገብተዋል። እናንተ የምትጨምሩት አንድ ሬዚስተር ነው፦ 49.4 ኪሎ ኦምን ለእሱ አካፍላችሁ 1 ስትደምሩ ማጉያው ይወጣል። 499 ኦም ብታስገቡ መቶ እጥፍ። ይሄ ሬዚስተር ቢሳሳት ማጉያው ብቻ ይዛባል፤ እሱን ደግሞ ክብደቱ የታወቀ ዕቃ ጭናችሁ ታርሙታላችሁ። የጋራው ቮልቴጅ ቢያንስ በ100 ዴሲቤል ማለትም በ100,000 ጊዜ ስለሚዳከም፣ ከ2.5 ቮልቱ የሚተርፈው ቢበዛ 25 ግራም ያህል ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ኤዲ 620 በ5 ቮልት ብቻ ሲሠራ ውጤቱ እስከ ዜሮ አይወርድም። ስለዚህ ሪፈረንስ የሚባለውን እግሩን ወደ 2 ቮልት ከፍ አድርጉለት፤ ባዶው ሚዛን 2፣ ሙሉው 3 ቮልት ያሳያል። ያን 2 ቮልት በሁለት ሬዚስተር ከፍላችሁ በቀጥታ ከሰጣችሁት ግን ያ ሁሉ የፋብሪካ ማስተካከያ ይበላሻል። መሃል ላይ ኦፕ-አምፕ አስገቡ። ያቺ ርካሽ ኤልኤም 358 እዚህ ጋ በደንብ ታገለግላለች።

የሙቀት መለኪያ ከሆነ የምትሠሩት ኢንስትሩመንቴሽን አምፕሊፋየር ብክነት ነው። ኤልኤም 35 ለእያንዳንዱ ዲግሪ 10 ሚሊ ቮልት ከግራውንድ ጀምሮ ስለሚሰጥ የሚጠፋ የጋራ ቮልቴጅ የለም፤ ኦፕ-አምፕና ሁለት ሬዚስተር ይበቃል። ሰርኪቱን መማር ሳይሆን ሚዛኑን ብቻ የምትፈልጉ ደግሞ ኤችኤክስ 711ን እዩ፤ ማጉያውም ወደ ዲጂታል መቀየሪያውም አንድ ቺፕ ውስጥ ናቸው።