ኮሜዲ፦ የልኬት ካርድን ከሊኑክስ ጋር የሚያግባባው

ኬ ዓይነት የሚባለው ቴርሞካፕል፣ የምድጃና የእቶን ሙቀት የሚለካው ባለሁለት ሽቦ ሴንሰር፣ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር የሚያመነጨው ቮልቴጅ 41 ማይክሮቮልት ያህል ነው። አንድ ባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት እንዳለው ለሚያውቅ ሰው ይህ ከምንም አይቆጠርም። ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚለካው ነገር ግን አብዛኛው እንዲህ ደቃቅ ነው፤ የልብ ኤሌክትሪክም፣ ጭነት ያረፈበት ብረት መሳሳብም ከዚያው ወገን ናቸው። ይህን ተቀብሎ ኮምፒውተር ወደሚያነበው ቁጥር የሚለውጠው መሣሪያ በሙያው ሰዎች ዘንድ ዳታ አኩዊዚሽን ካርድ ይባላል። እዚህ የልኬት ካርድ እንበለው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ይሰካል ወይም በዩኤስቢ ገመድ ይያያዛል። ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር፣ ድራይቨር፣ እስኪያገኝ ድረስ ግን ዝም ብሎ ይቀመጣል።

አንድ ካርድ ይዘን እንነሳ። ናሽናል ኢንስትሩመንትስ የተባለው የቴክሳስ ኩባንያ የሠራው ፒሲአይ-6024ኢ 16 የአናሎግ መግቢያዎች አሉት፤ ሁለት ሁለቱን አጣምሮ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ለሚለካ ሰው 8 ይሆናሉ። በሰከንድ እስከ 200,000 ጊዜ ይለካል። ይሁን እንጂ ቮልቴጁን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ክፍል አንድ ብቻ ነው። ወፍጮ ቤት 16 ጆንያ ተሰልፎ ሚዛኑ አንድ ሲሆን እንደሚደረገው ሁሉ መግቢያዎቹ በየተራቸው ይቀርቡለታል። ስለዚህ 200,000ው ለሁሉም የተሰጠ ድርሻ ነው፤ 16ቱንም የሚጠቀም ሰው ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 12,500 ብቻ ነው።

የዚህ ካርድ ጥራት 12 ቢት ነው፤ የሚለካውን ስፋት በ4,096 ደረጃ ይከፍላል። ስፋቱን ከ10 ቮልት ኔጌቲቭ እስከ 10 ቮልት ፖዘቲቭ ብናደርገው አንዱ ደረጃ 4.88 ሚሊቮልት ይሆናል። በቴርሞካፕሉ ሒሳብ ይህ 119 ዲግሪ ነው! ማለትም እቶኑ ከመቶ ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ካርዱ ምንም ላያይ ይችላል። ስፋቱን ወደ 50 ሚሊቮልት ኔጌቲቭና ፖዘቲቭ ካጠበብነው ግን አንዱ ደረጃ 24.4 ማይክሮቮልት፣ በሙቀት ደግሞ 0.6 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ካርዱ ያው ነው፤ ሴንሰሩም ያው ነው። ለውጡን ያመጣው ስፋቱን የሚወስን አንድ ትዕዛዝ ሲሆን ያንን ትዕዛዝ ካርዱ ዘንድ የሚያደርሰው ድራይቨሩ ነው።

ሊኑክስ ላይ ተራ ፕሮግራም ሃርድዌርን በቀጥታ አይነካም፤ የሚነካው ከርነሉ፣ የሥርዓቱ እምብርት ነው። ድራይቨሩም የከርነሉ አካል ሆኖ ይሠራል። ሥራው ትዕዛዝ በማድረስ አያበቃም። ፒሲአይ-6024ኢ በራሱ ላይ ያለው ጊዜያዊ ማቆያ የሚይዘው 512 ልኬት ብቻ ነው። በሙሉ ፍጥነት ሲለካ ይህ በ2.56 ሚሊሰከንድ ሞልቶ ይፈሳል። በዚያች ቅጽበት ኮምፒውተሩ ዲስክ እያነበበ ወይም ስክሪን እያደሰ ሊሆን ይችላል፤ ካርዱ ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ድራይቨሩ ማቆያው ሳይሞላ ካርዱ ከርነሉን እንዲቀሰቅስ ያደርጋል፣ ወይም ልኬቱ ፕሮሰሰሩን ሳያስቸግር በቀጥታ ወደ ሜሞሪ እንዲገለበጥ ያመቻቻል፤ ከዚያም ፕሮግራሙ በፋታው የሚያነበው ሰፊ ማጠራቀሚያ ውስጥ ያኖረዋል። መሐል ላይ አንድ ልኬት ቢጠፋ ደግሞ ስህተት መፈጠሩን ማሳወቅ አለበት። ለእኔ የጥሩ ድራይቨር ትልቁ ምልክት ይህ ነው። ልኬት ጎድሎበት ዝም ያለ ድራይቨር ተመራማሪውን ለወራት ሐሰተኛ ግራፍ ሲያስተነትን ሊያኖረው ይችላል።

በ1990ዎቹ የልኬት ካርድ አምራቾች ድራይቨር ሲጽፉ በዋናነት ያሰቡት ለዊንዶውስ ነበር። ሊኑክስ የሚጠቀም ተመራማሪ ለገዛው ካርድ የራሱን ድራይቨር ይጽፋል፣ ጎረቤቱ ደግሞ ለሌላ ካርድ ሌላ ይጽፋል፤ ፕሮግራሞቹም አይገናኙም። ዴቪድ ሽሊፍ የተባሉ ፕሮግራመር በዚያው አሥር ዓመት ማብቂያ አካባቢ ኮሜዲ የተባለውን ሥራ የጀመሩት ለዚህ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የአምራቹ ማንነት ምንም ይሁን ምን፣ ማንኛውም የልኬት ካርድ ለፕሮግራሙ በአንድ መልክ ይታይ። ካርዱ አንድ መሣሪያ ነው፤ በውስጡ ንዑስ መሣሪያዎች አሉ፤ አንዱ አናሎግ ያስገባል፣ ሌላው አናሎግ ያወጣል፣ ሌላው ዲጂታል መስመሮችን ይይዛል፣ ሌላው ይቆጥራል። እያንዳንዱ ንዑስ መሣሪያ ቻናሎች አሉት፤ ቻናሉ ደግሞ የሚለካበት ስፋትና ቮልቴጁ ከምን አንጻር እንደሚለካ የሚገልጽ ማጣቀሻ አለው። ተማሪው ይህን አንዴ ከተረዳ በአንድ ካርድ ላይ የጻፈውን ፕሮግራም በትንሽ ለውጥ ሌላ ካርድ ላይ ማስኬድ ይችላል። ከከርነሉ ውጭ ያሉ ፕሮግራሞች ይህን ሁሉ የሚያዙበት ላይብረሪ ኮሜዲሊብ ይባላል።

ሐሳቡ ሊሠራ የቻለው የካርዶቹ ውስጣዊ አሠራር በሰነድ ስለተገኘ ጭምር ነው። ናሽናል ኢንስትሩመንትስ የኢ ተከታታይ ካርዶቹን የውስጥ ሬጂስተሮች አንድ በአንድ የሚያስረዳ የፕሮግራመር መምሪያ አውጥቶ ነበር፤ የእነዚህ ካርዶች ሰዓትና ቆጣሪ የሆነው ዳክ-ኤስቲሲ የተባለው ቺፕም የራሱ መምሪያ ነበረው። ቺፑ በብዙ ካርዶች ላይ አንድ ዓይነት ስለሆነ የኮሜዲ ጸሐፊዎች ዋናውን ሥራ አንድ ጊዜ ጽፈው ለበርካታ የፒሲአይ፣ የአይኤስኤና የላፕቶፕ ካርዶች አዋሉት። ለዚህም ኩባንያው ምስጋና ይገባዋል። መምሪያ የሌለው ካርድ ላይ ድራይቨር መጻፍ በጨለማ የመዳሰስ ያህል አድካሚ ነው።

ኮሜዲ ለብዙ ዓመታት ከሊኑክስ ከርነል ውጭ፣ ለብቻው የሚገነባ ሥራ ሆኖ ኖረ። ችግሩም እዚያ ላይ ነበር። የሊኑክስ ከርነል ለተጠቃሚ ፕሮግራሞች የሚሰጠውን ውል ይጠብቃል፤ በውስጡ ያሉት ክፍሎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን መንገድ ግን ሲፈልግ ይለውጣል። ከርነሉ ውስጥ ያለ ድራይቨር ለውጡን የሚያመጣው ሰው ራሱ ያስተካክለዋል። ውጭ ያለው ግን ከርነሉ በታደሰ ማግስት አልገነባ ሊል ይችላል፤ የሚያስተካክለው ሰው ከሌለም በዚያው ይቀራል። ብዙ የልኬት ካርድ ከአገልግሎት የሚወጣው ሳይበላሽ፣ በዚህ ምክንያት ነው።

ኮሜዲ ወደ ከርነሉ የገባው በመጋቢት 2009 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ሊኑክስ 2.6.29 ነው፤ የገባው ግን ገና ያልጠራ ኮድ በሚቀመጥበት ስቴጂንግ በተባለው ክፍል ነበር። ከዚያ የማጽዳት ሥራ ተጀመረ። ኢያን አቦትና ሃርትሊ ስዊተን የተባሉት ገንቢዎች ድራይቨሮቹን አንድ በአንድ እያነሱ፣ ስም እያስተካከሉ፣ የተደጋገመውን እያዋሃዱ፣ ስህተቱን እየነቀሱ ለዓመታት ሠሩ። ማንም የማያጨበጭብለት ሥራ ነው፤ አዲስ ነገር አይታይበትም፣ ካርዱም ትናንት ያደርግ የነበረውን ነው ዛሬም የሚያደርገው። በሰኔ 2021 (እ.ኤ.አ.) ሊኑክስ 5.13 ሲወጣ ኮሜዲ ከስቴጂንግ ወጥቶ በከርነሉ ድራይቨሮች መካከል የራሱን ቦታ ያዘ። ከመግባቱ እስከዚያ ድረስ 12 ዓመት አልፏል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ገበያ ላይ የሌሉ ካርዶች ሳይቀሩ ከአዲስ ከርነል ጋር ይሠሩ ነበር፤ በቁጠባ ለሚኖር ቤተ ሙከራ ደግሞ ይህ ሲበዛ ትልቅ ነገር ነው።

ካርዱን ለሥራ ማብቃት በተግባር ምን ይመስላል? መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ካርዱን ማየቱን ማረጋገጥ ነው። ኤልኤስፒሲአይ የተባለው ትዕዛዝ የተሰኩትን የፒሲአይ መሣሪያዎች ይዘረዝራል፤ የናሽናል ኢንስትሩመንትስ ካርዶች 1093 በሚለው የአምራች መለያ ቁጥር ይታወቃሉ። ካርዱ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ካልታየ ጥፋቱ ከድራይቨሩ አይደለም፤ ነቅሎ መልሶ መሰካት ወይም ሌላ መሰኪያ መሞከር ነው። ከታየ ከርነሉ የሚስማማውን ሞጁል፣ ማለትም ድራይቨሩን የያዘውን ፋይል፣ ፈልጎ ይጭናል፤ ይህኛውን ካርድ የሚይዘው ሞጁል ኤንአይ-ፒሲአይሚዮ ነው። የከርነሉን መልእክቶች የሚያሳየው ትዕዛዝ የተሳካውንም ያልተሳካውንም ይናገራል፤ ማንበብ ልማድ ይሁን እላለሁ። ሁሉ ከሰመረ ዴቭ በተባለው ማውጫ ሥር ኮሜዲ0 የሚል ፋይል ይፈጠራል፤ ፕሮግራሞች ካርዱን የሚያገኙት በዚህ ፋይል በኩል ነው።

እዚህ ላይ ጀማሪን የሚያስቸግሩ ጥቂት ነገሮች አሉ። ፋይሉን ለመክፈት ፈቃድ ያለው መጀመሪያ ላይ የሥርዓቱ አስተዳዳሪ ብቻ ሊሆን ይችላል። ፕሮግራሙን ሁሉ በአስተዳዳሪ ስም ማስኬድ ይቀልላል፤ የሚሻለው ግን ዩዴቭ ለተባለው አገልግሎት አንድ ደንብ ጽፎ ፋይሉን ለቤተ ሙከራው ተጠቃሚዎች ቡድን መስጠት ነው። አንዳንድ የሊኑክስ ስርጭቶች ደግሞ ከርነሉን ሲገነቡ ኮሜዲን ይተዉታል፤ ያኔ ሞጁሉን ራስ መገንባት ግድ ነው። ሴኪዩር ቡት የበራበት ኮምፒውተር ራስዎ የገነቡትን ሞጁል ፊርማ የለውም ብሎ ሊመልሰው ይችላል፤ የራስን ቁልፍ አስመዝግቦ ሞጁሉን መፈረም ያስፈልጋል። በዩኤስቢ የሚያያዙት ዩኤስቢ-ደክስ የተባሉ መሣሪያዎች ደግሞ በተሰኩ ቁጥር ፈርምዌር፣ መሣሪያው ውስጥ የሚሠራው ፕሮግራም፣ ከኮምፒውተሩ ይጫንላቸዋል፤ የፈርምዌሩ ፋይል ከሌለ ድራይቨሩ ቢኖርም አይነሱም።

አሮጌዎቹ የአይኤስኤ ካርዶች ራሳቸውን አያስተዋውቁም። አድራሻቸው ካርዱ ላይ ባሉ ትናንሽ ማብሪያዎች ይወሰናል፤ ያንኑ አድራሻ ኮሜዲ-ኮንፊግ በሚባለው ትዕዛዝ ለከርነሉ መንገር የባለቤቱ ፋንታ ነው። ለእነዚህ ካርዶች ቁጥር አስቀድሞ ይያዝላቸዋል። 4 ቦታ ከተያዘ ከኮሜዲ0 እስከ ኮሜዲ3 ለእነሱ ይቀራል፤ የፒሲአይ ካርዱም ኮሜዲ4 ሆኖ ይገኛል። ይህን የማያውቅ ሰው ኮሜዲ0ን ከፍቶ ምንም ሲያጣ ካርዱ የተበላሸ ይመስለዋል።

ኮሜዲ ብቸኛው መንገድ አይደለም። ናሽናል ኢንስትሩመንትስ ራሱ ለተመረጡ የሊኑክስ ስርጭቶች ድራይቨር ያቀርባል፤ አዲስ ካርድ ለገዛና ከእነዚያ ስርጭቶች አንዱን ለሚጠቀም ሰው ያንን መምረጥ ተገቢ ነው። ለዩኤስቢ መሣሪያዎች ደግሞ የከርነል ሞጁል የማያስፈልግበት መንገድ አለ፤ ሊብዩኤስቢ በተባለው ላይብረሪ አማካይነት ፕሮግራሙ ራሱ ከመሣሪያው ጋር ይነጋገራል። የሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲው ዋረን ጃስፐር ሜዠርመንት ኮምፒውቲንግ ለተባለው አምራች መሣሪያዎች ከጻፏቸው ክፍት ድራይቨሮች መካከል በዚህ መንገድ የተሠሩ አሉ። እንዲህ ያለው ድራይቨር ከርነሉ ሲታደስ አይሰበርም። ሰሌዳ ላይ የሚበየዱ ትናንሽ የልኬት ቺፖችን የሚይዘው ደግሞ አይአይኦ የተባለው ሌላ የከርነል ክፍል ነው።

ድራይቨሩ ከተነሳ በኋላ የሚመጣውና ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ጊዜ ነው። ኮሜዲ ልኬቱን ከማስጀመሩ በፊት የተጠየቀውን ፍጥነት ካርዱ ይችለው እንደሆነ የሚፈትሽበት ጥሪ አለው፤ ካልቻለም ወደሚቀርበው ያስተካክለዋል። የኢ ተከታታይ ካርዶች ሰዓት 20 ሜጋኸርዝ ስለሆነ በሁለት ልኬቶች መካከል ያለው ጊዜ የ50 ናኖሰከንድ ብዜት መሆን አለበት። በሰከንድ 44,100 ልኬት የሚሻ ሰው 22,675.7 ናኖሰከንድ ጠየቀ ማለት ነው፤ ካርዱ ግን የሚሰጠው 22,700 ነው፤ ይህም በሰከንድ 44,053 ያህል ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። የአንድ ሰዓት ቅጂ ላይ ግን ወደ 4 ሰከንድ ይደርሳል። ስለዚህ በግራፉ ላይ የሚሰፍረው ጊዜ መሰላት ያለበት ከጠየቁት ሳይሆን ድራይቨሩ አስተካክሎ ከመለሰው ቁጥር ነው።

የመጀመሪያውን ንባብ ዋጋው በሚታወቅ ነገር መጀመር ይበጃል። አዲስ ባትሪ ድንጋይ በአንድ መግቢያ ላይ አስሮ በመልቲሜትር ከተለካው ጋር ማስተያየት ይቻላል። ምንም ያልታሰረበት መግቢያ ዜሮ ያነባል ብሎ መጠበቅ ግን ስህተት ነው፤ መለወጫው ከባትሪው ቀጥሎ ወደ ባዶው መግቢያ ሲያልፍ የቀረውን ቮልቴጅ ይዞ ስለሚሄድ ባዶው የጎረቤቱን ቁጥር የሚመስል ነገር ያሳያል። ያልተያዙትን መግቢያዎች ከመሬት ሽቦ ጋር ማሰር ይህን ያስቀራል። ከዚያ ኮሜዲ-ካሊብሬት የሚባለውን ፕሮግራም ማስኬድ ነው፤ ካርዱ ላይ ካለው የማጣቀሻ ቮልቴጅ ጋር እያስተያየ ማዛባቱን ያርማል።

ካርድ የሌለው ተማሪም መጀመር ይችላል። ከኮሜዲ ጋር አብሮ የሚመጣ ኮሜዲ-ቴስት የተባለ ሞጁል አለ፤ ምንም ሃርድዌር ሳይኖር ራሱን እንደ ካርድ ያቀርባል። በመጀመሪያው ቻናል እንደ መጋዝ ጥርስ የሚወጣና የሚወርድ፣ በሁለተኛው ደግሞ አራት ማዕዘን የሆነ ሞገድ ያመነጫል። ለእሱ የተጻፈ ፕሮግራም የመሣሪያውን ፋይል፣ ቻናሉንና ስፋቱን ብቻ ቀይሮ በእውነተኛው ካርድ ላይ ሊሠራ ይችላል።