በጨው የታጠበ ዓይን

ልጅ ሳለሁ ቤት ውስጥ ብር ጠፍቶ ስጠየቅ አቀረቀርሁ። «ዓይን ዓይኔን እያየህ ተናገር!» አሉኝ አጎቴ። ታላቅ ሲናገር ማቀርቀር ጨዋነት ነው ተብዬ ነው ያደግሁት፤ በዚያች ሰዓት ግን ጨዋነቴ ራሱ መሰከረብኝ። ብሩን አልወሰድሁም ነበር።

ውሸታም ዓይኑን ያሸሻል የሚለው እምነት የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት የ58 አገር ሰዎች «ሰው ሲዋሽ በምን ታውቃላችሁ?» ተብለው ሲጠየቁ ከሁሉ በላይ የደጋገሙት ይህንኑ ነው። በዚያው ዓመት ቻርልስ ቦንድና ቤላ ዴፓውሎ ከ24 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች አንድ ላይ ቢመረምሩ፣ ሰዎቹ እውነትን ከውሸት የለዩት በአማካይ 54 በመቶ ነበር። ሳንቲም የሚወረውር ሰውም 50 ያገኛል። ዴፓውሎና ባልደረቦቿ ቀደም ብለው 158 ምልክቶችን ፈትሸዋል፤ አብዛኞቹ ከውሸት ጋር ያላቸው ዝምድና የሳሳ ወይም ጭራሽ የሌለ ነው፤ ዓይን ማሸሽም እዚያው ውስጥ ነው።

እጅ ሲያልብ፣ አፍ ሲደርቅ፣ ድምፅ ሲንቀጠቀጥ ሰውነት የሚናገረው ጭንቀትን ነው። አያምኑኝም ብሎ የፈራ ንጹሕ ሰውም ይጨነቃል። የለመደበት ውሸታም ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ ትኩር ብሎ ያይሃል፤ አማርኛችን ይህን ከተመራማሪዎቹ በፊት ያውቀው ነበር።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፖል ኤክማን ፊት ላይ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ስሜት የተደበቀውን ያጋልጣል ብሎ አስተምሯል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት ግን ከ697 የፊት መግለጫዎች ብልጭታውን ያገኘው በ14ቱ ብቻ ነው። በአሜሪካ አየር ማረፊያዎች አደገኛ መንገደኛን በሁኔታው ለመለየት ከ2007 ጀምሮ ወደ 900 ሚሊዮን ዶላር ወጣ፤ በ2013 የመንግሥት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ዘዴው እንደሚሠራ ማስረጃ የለም አለ። በባዕድ ቢሮ ለጥገኝነት ቀርቦ የሚያቀረቅር ወገኔን ሳስብ ሰውን በሁኔታው መዳኘት ያስጨንቀኛል።

ተስፋ ያለው ሌላ መንገድ ነው። ስዊድን ውስጥ ማሪያ ሃርትቪግና ባልደረቦቿ ሠልጣኝ ፖሊሶችን ማስረጃውን ደብቀው መጀመሪያ ታሪኩን እንዲያስተርኩ አስተማሯቸው። የተጠርጣሪው አሻራ ስርቆት በተፈጸመበት ቦርሳ ላይ ተገኝቷል እንበል፤ ንጹሑ ቦርሳውን እንዳነሣው ሳይጠየቅ ይናገራል፣ ሌባው ከቦርሳው ይሸሻል። የሠለጠኑት ወደ 85 በመቶ፣ ያልሠለጠኑት 56 በመቶ እውነቱን ከውሸቱ ለዩ።

ብሩ በጠፋበት ጠዋት ወፍጮ ቤት ተልኬ ተራ ስጠብቅ ነበር። የት ነበርህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።