የቆዳን በሽታ በየሥፍራው ለይቶ ስለ መመርመር

ሰው ሊድንበት በወሰደው መድኀኒት ምክንያት ቆዳው እሳት እንዳቃጠለው ተልጦ ሲወድቅ ማየት፥ በሐኪም ላይ ከሚደርሱት ጭንቀቶች ሁሉ ከከፉት አንዱ ነው። ይህን በሽታ ስኮትላንዳዊው የቆዳ ሐኪም አለን ላየል እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1956 ዓ.ም. መርምሮ ስለ ጻፈው በእርሱ ስም ይጠራል። የሚይዘው እጅግ ጥቂት ሰው ነው፤ ነገር ግን ከያዛቸው ከመቶው 30 ያህሉ ይሞታሉ። የሚቀሰቅሱትም መድኀኒቶች እንግዳ አይደሉም። ለሪህ የሚሰጠው አሎፑሪኖል፥ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን፥ እንዲሁም ኮትሪሞክሳዞልን የመሰሉት የሰልፋ መድኀኒቶች ሲሆኑ፥ በአዲስ አበባ መድኀኒት ቤቶችም የሚገኙ ናቸው። ስለዚህ ከእነዚህ አንዱን የጀመረ ሰው ቆዳው ሽፍ ቢልበት፥ አፉና ዐይኑም ቢቈስል፥ ነገ ይሻለኛል ብሎ ማደር አይገባውም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም መገስገስ ነው እንጂ።

የበሽታውን ምንጭ ለማግኘት ከቆዳው ቍራጭ ወስዶ በአንድነት ፈጭቶ መመርመር የተለመደ ነበረ። ይህም ስንዴውንና እንክርዳዱን አብሮ ፈጭቶ፥ ዱቄቱን በማየት እንክርዳዱ በየትኛው የእርሻ ጥግ እንደ በቀለ ለማወቅ እንደ መሞከር ነው። በቆዳ ውስጥ የሚያጠቃውና የሚጠቃው ሕዋስ ጎን ለጎን ይኖራሉና፥ ሥፍራቸው ከጠፋ የበሽታው ነገር አብሮ ይሰወራል።

በ2016 ዓ.ም. በስቶክሆልም ያሉ ሊቃውንት ስስ የሆነውን የሥጋ ቅራፊ ምልክት በተደረገበት መስተዋት ላይ አኑረው፥ የትኛው ዘረመል በየትኛው ሥፍራ እንደሚሠራ የሚያሳይ ዘዴ አወጡ። በሙኒክ አጠገብ በማርቲንስሪድ ባለው በማክስ ፕላንክ የባዮኬሚስትሪ ተቋም ደግሞ ማቲያስ ማንና ባልደረቦቹ ይህን የመሰለ አሳብ በፕሮቲን ላይ አዋሉት። ከላየል በሽተኞች የተወሰደውንና የተጠበቀውን ቆዳ በማይክሮስኮፕ ሥዕሉን ያነሣሉ፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም የእያንዳንዱን ሕዋስ ዳርቻ ለይቶ፥ ይህ የቆዳው ነው፥ ይህ ሰውነትን የሚጠብቀው ነጭ የደም ሕዋስ ነው ይላል። ከዚያ በኋላ የሌዘር ጨረር የተመረጡትን ሕዋሳት ቈርጦ ያወጣል፥ ፕሮቲናቸውም በረቂቅ መሣሪያ ይመዘናል። የሠለጠነ የሰው ዐይን ሕዋስን ከሕዋስ መለየት አይችልም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን በብዙ ሺህ የሚቈጠረውን ሳይታክት መለየት ከሰው ትዕግሥት በላይ ነው።

ውጤቱ በ2024 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው መጽሔት ታተመ። ኢንተርፌሮን የሚባለው የሰውነት የማስጠንቀቂያ መልእክትና፥ መልእክቱን ወደ ሕዋሱ ውስጥ የሚያደርሰው ጃክ ስታት የተባለው መንገድ በቆዳው ሕዋሳትም በነጮቹ የደም ሕዋሳትም ከመጠን በላይ ተነሣሥቶ ተገኘ። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው፥ ይህን መንገድ የሚዘጉ መድኀኒቶች ቀድሞውኑ ለመገጣጠሚያ ሕመም ተፈቅደው በመደርደሪያ ላይ የነበሩ መሆናቸውን ነው። በአይጦች ላይ ከተፈተኑ በኋላ በቻይና አገር ለሰባት በሽተኞች ተሰጡ፤ ሰባቱም ዳኑ።

ሰባት ሰው ግን ጥቂት ነው፤ መድኀኒቱን ሳይወስድ ከእነርሱ ጋራ የሚነጻጸር ወገንም አልነበረም። ደግሞም እነዚህ መድኀኒቶች የሰውነትን መከላከያ ስለሚያደክሙ፥ ቆዳው ተገፎ ለተኛ ሰው ሌላ ተላላፊ በሽታ እንዳይገባበት ያሠጋሉ። ይህን ሥጋት ከጥቅሙ ጋራ ለመመዘን ብዙ በሽተኞች የሚገቡበት ፈተና ያስፈልጋል፤ በሽታው ብርቅ ስለሆነም በሽተኞቹን ከብዙ አገር ሆስፒታሎች ማሰባሰብ ግድ ይሆናል።